የዮጋው ሸህ ልጅ

ባቲ ገበያ በማር ሻጮቹ በኩል ባለፍኩ ቁጥር፣ ፀሐይ ያለሰለሰው የሰም ሽታ አባቴን አምጥቶ ፊቴ ያስቀምጠዋል፤ አባቴ ሰም በጥጥ ጠቅልሎ፣ በጣቱ አድቦልቡሎ፣ ሁለቱንም ጆሮውን ይደፍን ነበርና። ሌላው ሰው የአባቱን ጠረን ሲያስታውስ ዓይኑ እንባ ያቀራል። እኔ እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

አባቴ ጅዳ የሕንፃ ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ አብሮት ያድር የነበረ አንድ ህንዳዊ ምግብ አብሳይ ዮጋ አስተምሮት ነበር፤ መተጣጠፉን፣ አተነፋፈሱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆሮን ከውጭ ዘግቶ ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ ማዳመጥን። ተጠርዞ ከሚሴ ሲመለስ እኔ የወተት ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች ያሳደገችኝ የአባቴ እህት ዘሃራ ነበረች፤ እሱም እሷ ግቢ አንድ ክፍል ይዞ፣ የዮጋ አስተማሪ ነኝ ብሎ ተቀመጠ።

በዚያ ክረምት ሰው አልጠፋም። መጀመሪያ ወገባቸውን ያመማቸው የቢሮ ሠራተኞች መጡ፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ አይቶ ወሊይ ነው ብሎ ወሰነና፣ ጫቱንና ድቤውን ይዞ ለወዳጃ ዱዓ ይሰበሰብ ጀመር። ከጨፋ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ጌታዬ፣ ላሚቱ ታማብኛለች፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» አሉት።

«እኔ ሸህ አይደለሁም፤ የዮጋ አስተማሪ ነኝ።»

«ይሁና፣ የዮጋው ሸህ። ላሚቱ እንደሁ ይህን አትጠይቅም።»

እሱ ዝምታ ሲፈልግ ድቤው ይደምቃል፣ ድቤው ሲደምቅ እሱ ሰም ይጨምራል፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ሁሉንም አስወጥቶ በሩን ቀረቀረባቸው። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ተማሪ ብቻ ቀረው። እኔ።

መስከረም ሲጠባ የሰፈሩ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። እኔንም አስገባኝ ብዬ ብጠይቀው፣ «መጀመሪያ የውስጡን ድምፅ ስማ፣ ከዚያ እሰድሃለሁ። ጆሮው ያልተከፈተ ልጅ እዚያ ሄዶ ጩኸት ብቻ ነው የሚለቅመው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን፣ አውራ ጣቶቼን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ እቀመጥ ነበር። ሲበቃው ሰሙን ያወጣና፣ «ምን ሰማህ?» ይለኛል።

«ጉም ጉም የሚል ነገር።»

«እሱ ደምህ ነው። ከሱ በታች ውረድ።»

ንግግራችን ይኸው ነበር። በላህ ወይ፣ በረደህ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ማሽላው ሲያሸት የጨፋ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፋቸውን እያስጮሁ ወፍ ያባርሩ ነበር፤ ወደዚያ ለሥራ የሄደ ሁሉ ጨዋታውን ይዞ ሲመለስ እኔ ደሜን አዳምጬ እውል ነበር። በልጉ መጣ፣ ቦርከና ወንዝ ሞላ፣ ጎደለ፤ ሌላ መስከረም ደግሞ እንዲሁ አለፈ።

በሦስተኛው መስከረም አክስቴን መረራት። ጓዳ ጠራችኝና፣ «አንተ ሞኝ፣ ሰማሁ አትለውም? ዋሽንት ይመስላል በለው። እሱ ራሱ ከመጣ ጀምሮ ዋሽንት ዋሽንት ሲል አይደል የኖረው» አለችኝ።

«ውሸት አይሆንም?»

«ውሸቱ በኔ ይሁን፣ ኢልመ ኮ። አንተ ብቻ ደብተርህን ያዝ፣ ልጄ።»

ምዝገባው ሊዘጋ ሲል፣ እሷ ባጠበችልኝ ሸሚዝ ፊቱ ተቀምጬ፣ ሰሙን እንዳወጣ፣ «ሰማሁ፣ አባ። ዋሽንት ይመስላል። ከሩቅ» አልኩት።

የአባቴ ዓይን እንባ ሞላ፣ ከዚያ ጎትቶ ደረቱ ላይ ለጠፈኝ። አቅፎኝ አያውቅም ነበር። እዚያው እንዳለሁ፣ «ትምህርት ቤቱስ፣ አባ?» አልኩት።

ሳቀ፤ በፍቅር ነው የሳቀው። «ከእንግዲህ ምን ይሠራልሃል? እዚያ የሚያስተምሩት ይህን ላላገኘ ሰው ነው።»

አክስቴ የገዛችውን ደብተር ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችና ደብተሩን እንደያዘች ተመለሰች።

ዋሽቼህ ነው ልለው እችል ነበር። ግን ያን ብል ከደረቱ ገፍቶ ያወጣኛል ብዬ ፈራሁ፤ ትምህርት ቤቴን ከፍዬ የገዛሁት እቅፍ ነውና ልልቀቀው አልወደድኩም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አብሬው እየተቀመጥኩ አንድ ቀን ንብ፣ አንድ ቀን ፏፏቴ እያልኩ ፈጠርኩለት፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ ሰሙን መልሶ ይከት ነበር። እቅፉ ግን አልተደገመም።

ፂሜ ማቀምቀም ሲጀምር ሞተ። ቀባሪው ሁሉ ሸህ እያለ ቀበረው። እኔ ከሚሴ ጆንያ ተሸካሚ ሆንኩ፤ ፊደል የቆጠርኩትም ከዓመታት በኋላ፣ ትከሻዬ ከጎበጠ ወዲያ፣ የጎልማሶች ክፍል ገብቼ ነው።

አሁን ባቲ፣ መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። ውጭ ባጃጁ ይጮኻል፤ እኔ ከሥራ ስመለስ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ጀማሪ ቃል በቃል እየለቀምኩ አነባለሁ። ያኔ ከአባቴ ጋር ጉልበታችን እየተነካካ ብቻዬን ነበርኩ፤ ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የዛሬው ይሻለኛል። ከጎኔ ሰው ስለሌለ፣ ቢያንስ ያዳምጠኛል ብዬ ማንንም አልጠብቅም።