የሩዝ መፈልፈያው ጸጥ ያለ ዕለት

ባለፈው ኅዳር በኮምፒውተር ስብሰባ ላይ ሳለሁ አንድ አዲስ የተቀጠረ ባልደረባችን ንግግሬን አቋርጦ፣ «ይቅርታ፣ ከኋላሽ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አለኝ። እኔ ጆሮዬ ስለለመደው አልሰማሁትም ነበር። ከጓሮዬ ባሻገር ያለው የሩዝ መፈልፈያ ነው። በአጨዳ ወራት ከተማችን ወረታ ከጧት እስከ ማታ ሩዝ ስትፈለፍል ትውላለች፤ እብቁ በነፋስ እየተነሣ በተሰጣ ልብስ ላይ፣ በመስኮት ላይ፣ አንዳንዴም ሻይ ውስጥ ያርፋል። «ሩዝ ነው፣ አትደንግጥ» ስለው ሁሉም ሳቁ። ስብሰባው አልቆ አንድ በአንድ ከኮምፒውተሬ ገጽ ሲጠፉ እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም። ያ ድምፅ እንዲቆም ሰው የለመንንበት አንድ ቀን ትዝ አለኝ።

ያኔ ገና ወጣት ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እንደ ጓደኞቼ አዲስ አበባ መሄዱን ትቼ ወረታ ተመልሼ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የቀጠረኝ የሶፍትዌር ድርጅት በተለያዩ አገሮች ላሉ ጤና ጣቢያዎች የሕሙማን መረጃና የሕፃናት ክትባት ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ይሠራል። ድርጅቱ ሕንፃ የለው፣ በር የለው፣ ዘበኛ የለው። ሠራተኛው በየአገሩ፣ በየቤቱ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። አለቃችን ቶማሽ የሚኖረው ፖላንድ ነው፤ ሉሲያ የምትባለው አርጀንቲና፤ ሥራውን ያስተማረችኝ ማሪ ደግሞ ፊሊፒንስ።

እንዲህ ያለ ቦታ መሥራት ምን ይመስላል ለሚለኝ ሰው፣ መጀመሪያ የሚከብደው ዝምታው ነው እለዋለሁ። ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነው፤ የሚገላምጥ የለም፣ ትከሻ መታ የሚያደርግም የለም። ቀስ እያለ ግን ሰዎቹን ከአጻጻፋቸው ትለያቸዋለህ። ማሪ የእሷ ቀን ሲመሽ፣ በእኛ እኩለ ቀን ላይ፣ የደረሰችበትን ጽፋ ታቀብለኛለች፤ እኔ ይዤ እውልና ወደ ማታ ገና ረፋድ ለሆነላት ለሉሲያ አቀብላለሁ። እኔ ስተኛ ሥራው አይተኛም። በሰዓት ስንጣላ ግን ኖረናል፤ «ሁለት ሰዓት ላይ» ስላቸው እኔ ጧት ማለቴ ነው፤ እነሱ ግን ከሰዓት በኋላ ይጠብቁኛል። በመጨረሻ ቶማሽ ከጠረጴዛው በላይ በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ የግድግዳ ሰዓት ሰቀለ። ያንን ባየሁ ቀን የተሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልቻልሁም።

አባቴ ከወረታ ወጣ ብሎ በቁሐር ሚካኤል ሩዝ የሚያርሱ፣ ከብት የሚያረቡ ሰው ናቸው። ወረታ ገበያ በመጡ ቁጥር ክፍሌ ገብተው፣ ዱላቸውን ከበሩ አስደግፈው፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

«አለቃሽ ወዴት ነው ያለው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ፖላንድ የሚባል አገር።»

«መጥቶ አይቶሽ ያውቃል?»

«በዚህ በኮምፒውተሩ ነው የምንተያየው።»

«ታዲያ ተኝተሽ ብትውዪስ በምን ያውቃል?»

«ሥራዬን ያየዋላ፣ አባዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔን መናቃቸው አልነበረም፤ ፈርተውልኝ ነው። በር የሌለው ሥራ አንድ ቀን ቢጠፋ ወዴት ሄደሽ ትጠይቂያለሽ የሚል ፍርሃት ነው። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን ሰምተው ከአንድ ዘመዳችን ጋር ተነጋግረውልኝ ነበር። «ከአጨዳው በኋላ መልስ ስጪኝ» አሉኝ። እሺ አልሁ፤ ለእሳቸው እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ማሪም የሩዝ ገበሬ ልጅ ናት። የአባቷን ማሳ ፎቶ የላከችልኝ ጊዜ ከበስተጀርባው የዘንባባ ዛፍ ባይኖር ኖሮ የእኛው የፎገራ ሜዳ ነው ብዬ በማልሁ ነበር። በየሳምንቱ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወፉ፣ ስለ አረሙ እንጻጻፍ ነበር።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የጤና ጣቢያዎቹ መረጃ ሁሉ ከአሮጌው ፕሮግራም ወደ አዲሱ የሚሻገርበት ቀን ተቆረጠ። አሮጌው የሚዘጋ ስለነበር ቀኑን ማዛወር አይቻልም። ሥራውን የምትመራው ማሪ ነበረች። ቀኑ ሲቃረብ በእነሱ አገር ብርቱ ማዕበል ተነሣ። «ነፋሱ ከፍቷል፤ ወደ አባቴ ቤት እየሄድሁ ነው» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ጻፍንላት፣ ደወልን፣ መልስ የለም። ቶማሽ ሁላችንም በምናይበት ቦታ፣ «የማሪን ሥራ ማን ያውቀዋል?» ሲል ጠየቀ። ከሁሉም አዲሷ እኔ ነበርሁ። ነገር ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ከአጠገቧ ያልተለየሁትም እኔው ነኝ። «እኔ እይዘዋለሁ» ብዬ ጻፍሁ። ቶማሽ «እናምንሻለን» አለ።

ሥራውን በያዝሁ ማግስት አባቴ ሊወስዱኝ መጡ። የእኛ ማሳ የአጨዳ ተራ ደርሶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየተራ እየተረዳዳን በምናጭድበት በወንፈል ሊወጣልን ቀጠሮ ይዟል። በወንፈል ቀን ከቤታችን ልጅ ቀርቶ አያውቅም። መምጣት እንደማልችል ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ለማታውቂው ሰው ስትይ የራስሽን ማሳ?»

የማሪን ነገር ነገርኋቸው። አባቷ ሩዝ አራሽ መሆናቸውን፣ ማዕበሉን፣ ድምፅዋ መጥፋቱን። አባቴ ዱካው ላይ ተቀመጡ።

«ሩዙ ደርሶ ነበር?»

«አጨዳ ላይ ነበሩ።»

«እሷስ በሕይወት አለች?»

«አናውቅም፣ አባዬ።»

«እንግዲያ አሁን የሷን ሥራ ነው የምትሠሪው?»

«አዎ።»

«ወንፈል ነዋ!» አሉ ብድግ ብለው። «ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? የራስሽን ድርሻ እኔ አጭደዋለሁ።» በማግስቱ እናቴ በቅል እርጎና የሩዝ እንጀራ በዓሣ ወጥ ላከችልኝ።

መረጃው በሚሻገርበት ቀን ጧት መብራት ጠፋ። የኮምፒውተሬ ባትሪ አሮጌ ነው፤ አይቆይም። ሥራው ከተጀመረ በኋላ መካከል ላይ ከተቋረጠ የአንዱ ሕሙም መረጃ ከሌላው ይቀላቀላል። አባቴ ለወሬው ጓጉተው በማለዳ መጥተው ነበርና ነገሩን ሲሰሙ ወዲያው እጄን ይዘው ጎረቤት ወዳለው መፈልፈያ ወሰዱኝ። ባለቤቱ ጋሼ ሞላ ጄኔሬተር አላቸው። ችግሩ፣ የመፈልፈያው ሞተር ሲነሣ ኃይሉ ይዋልላል፤ ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ መፈልፈያው መቆም ነበረበት። ጋሼ ሞላ እሺ አሉ። ሰልፉ ግን ረጅም ነው፤ አህያው፣ ጆንያው፣ ሰዉ ግቢውን ሞልቶታል።

«እኔ ከይፋግ ነው የመጣሁ፤ ይመሽብኛል!» አለች አንዲት ጎልማሳ ሴት።

አባቴ ወደ እሷ ዞረው፣ «እቴ፣ የሐኪም ቤት ሥራ ነው። ይህ ከተበላሸ የክትባት ቀናቸው የሚጠፋባቸው ሕፃናት አሉ» አሉ።

«የየት አገር ሕፃናት?»

«የብዙ አገር።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ አየት አድርጋ ጆንያዋ ላይ ቁጭ አለች። «በይ እንግዲያ ቶሎ በይ፣ ልጄ» አለችኝ።

የመፈልፈያው ሞተር ቆመ፤ የቀረው የጄኔሬተሩ ስስ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። በኅዳር ወር እንደዚያ ያለ ጸጥታ ወረታ ላይ ሰምቼ አላውቅም። የተገለበጠ በርሜል ላይ ኮምፒውተሬን አስቀምጬ፣ ገመዱን ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኝቼ፣ በስልኬ ኢንተርኔት ሥራዬን ጀመርሁ። አባቴ እብቁ እንዳይገባበት ጋቢያቸውን ዘርግተው በነፋሱ በኩል ቆሙ፤ ክንዳቸው ሲዝል ጋሼ ሞላ ተቀበሏቸው። ቶማሽና ሉሲያ በየአገራቸው እያንዳንዱን እርምጃ ይከታተላሉ። ሉሲያ በእሷ አገር ገና ሳይነጋ ተነሥታ ነበር። ከፊቴ ጆንያቸው ላይ የተቀመጡት ገበሬዎች ቤተ ክርስቲያን ያሉ ይመስሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ፣ «ሁሉም ሰው በየቦታው አለ፤ አንድም አልጎደለም» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹም ተከተሉ። ቀና ብዬ «አለቀ!» ስል ግቢው እልል አለ። ሞተሩ ተነሣ፤ ጋሼ ሞላም የይፋጓን ሴት ሩዝ አስቀደሙላት።

ማሪ የጻፈችልን ከቀናት በኋላ ነው። የቤቱ ጣሪያ ሄዷል፤ ሰው ግን ተርፏል። ሥራው ማለቁን ሰምታ፣ «እዚያ መጠለያ ውስጥ ሆኜ አንቺ እንደያዝሽው ገምቼ ነበር» አለችኝ። ይህን ቃል ያህል ደስ ያሰኘኝ ምስጋና የለም። ለአባቴ ላበሥራቸው ቁሐር ድረስ ወረድሁ። ከክምሩ ሥር አገኘኋቸው።

«ተመስገን!» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሩዙስ?»

«ጎርፍ ወሰደው።»

አንገታቸውን ደፉ። ከክምሩ ዛላ መዘው በመዳፋቸው አሽተው፣ እፍ ብለው፣ ፍሬውን ዘረጉልኝ። «ለአባቷ ዘር ብልክላቸው ይደርሳል? ጠይቂያት እስቲ።»

ጠየቅኋት። ማሪ የአባቷን ቃል ላከች፤ «ዘር ከመንግሥት እናገኛለን፤ ይህን ያሰቡትን ሰው ግን ወንድሜ ብያለሁ» የሚል። ተርጉሜ ስነግራቸው አባቴ ወደ ሜዳው ዞረው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። የወረዳውን ሥራ ከዚያ ወዲህ አላነሡብኝም።

ዛሬ ጸጉሬ መሸበት ጀምሯል፤ አሁንም እዚያው ድርጅት ውስጥ ነኝ። ከማሪ ጋር በአካል የተገናኘነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ስንተቃቀፍ የቁመቷ ማጠር አስገርሞኝ ሳቅሁ፤ ከዚያ በቀር ግን የማላውቀው ነገር አልነበራትም። አሁን ከሐሙሲትም፣ ከወረታም ወጣቶች እየመጡ፣ እዚህ ተቀምጦ ከዓለም ጋር መሥራት በእርግጥ ይቻላል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ኮምፒውተርና ጥሩ ኔትወርክ እንደሚያስፈልግ እነግራቸዋለሁ፤ ያ እውነት ነው። የቀረውን ግን በቃል ማስረዳት ያቅተኛል። ፊቱን አይተኸው ለማታውቅ ሰው ቃል ገብተህ፣ ቃልህን ጠብቀህ ስትውል፣ ማታ በራፍህ ላይ ቆመህ ሜዳውን ስታይ የሚሰማህ አንድ ኩራት አለ። እኔ በዚያ ኩራት ኖሬአለሁ፤ ወረታ ላይ ተቀምጬ።