የአባቴ ሊሾና የዘመመችው መኪና

የተቃጠለ ጎማ ሲሸት ሌላው ሰው መንገድ ተዘጋ ብሎ ይደነግጣል፤ እኔ ግን ዓለም ገና ከተማ ወደነበረው ግቢያችን በሐሳቤ እመለሳለሁ። መካኒኩ አባቴ ከመኪና እግር ውስጥ ያረጁ ላስቲኮችን በእሳት እያቃጠለ ያወጣ ስለነበር፣ ያ ሽታ ለእኔ የቤታችን ሽታ ነው።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አባዬ የግቢውን ግማሽ የሲሚንቶ ሊሾ አደረገው። እናቴ እንዳይሰነጠቅ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ስታጠጣው ጎረቤቶች «በቀለልሽ ወይ?» እያሉ ያሾፉባት ነበር። ሲደርቅ አባዬ የምጫወትባትን ብይ ከእጄ ወስዶ መሃሉ ላይ አስቀመጣት፤ አልተንከባለለችም፤ ሊሾው ልክ ነው ማለት ነው። «መኪና ዘመመ ከማለትሽ በፊት የቆመበትን መሬት እዪ» ይለኝ ነበር፤ ፉሪ ዳገት ላይ አቁመው መኪናችን ዘመመ ብለው ሞላ የቀየሩ ሞኞች ያውቅ ነበርና።

ኅዳር ላይ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ምክንያት አገሩ ታመሰ፣ ትምህርት ቤታችንም ተዘጋ። በዚያው ሰሞን መሬት የሚያስለካው ሹም ከፍ ያስደረጋትን የመስክ መኪና ይዞ መጣ። በሾፌሩ በኩል ዘምማለች።

«ከሥሯ ታኮ ቢጤ አድርግባትና ልሂድ» አለ።

«ታኮ አላደርግም፤ ጥፋቱን ይደብቃል እንጂ አያቃናም» አለ አባዬ። ሊሾው ላይ አቁሞ ከጎማው መሃል ከላዩ እስካለው ክፈፍ፣ እስከ ፓራፋንጎው ግራና ቀኙን ለካ፤ ፊቷን አዙሮ ደግሞ ለካ። መዝመሙ አብሯት ዞረ፣ ስለዚህ ጥፋቱ የመሬቱ አልነበረም። ሞላዎቹን ሲያወጣቸው አንዱ ከሌላው አንድ ጣት ያህል ይረዝማል። ረጅሙ ክብደት በሚበዛበት በሾፌሩ በኩል መግባት ሲገባው፣ መኪናዋን ከፍ ያደረጋት ሰው አቀያይሮ ከቷቸዋል። አባዬ በየቦታቸው መለሳቸው፤ በክሪክ እንደተሰቀለች ከታሰረች ላስቲኩ እንደተጣመመ ይቀራል ብሎም አራት እግሯን መሬት አስረግጦ ብሎኖቹን አጠበቀ። ቀጥ ብላ ቆመች።

ሹሙ ደስ አለው። በራችን ላይ የተቀባውን ቀይ የማፍረሻ ምልክት በአገጩ እያሳየ «ይቺን አስጠፋልሃለሁ፤ አንተ ብቻ ዲንቃ መሬቱን ፈቅዶ ነው የለቀቀው ብለህ ምስክር ሆነህ ፈርምልኝ» አለው። ኦቦ ዲንቃ አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ መሬታቸውንም አልለቀቁም።

አባዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጌታዬ፣ ታኮ አላደርግም ብዬዎታለሁ እኮ። በሐሰት አልፈርምም» አለ።

ታኅሣሥ ላይ ዶዘር መጣ። ሊሾው ሲሰበር እናቴ እሪ አለች። ኦቦ ዲንቃ አጥሩን ዞረው መጥተው የአባዬን ትከሻ ይዘው «ጀባዹ ልጄ፣ በርታ» አሉት። ብዙም ሳይቆይ ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ ፈቅደው ለቀቁ ብሎ የሚፈርም ምስክር ያልተገኘበት የኦቦ ዲንቃ መሬትም ዳነ፣ ዛሬም ልጆቻቸው ጤፍ ይዘሩበታል። የእኛን ሊሾ ግን ማንም አልመለሰልንም፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

አሁን ሱሉልታ የራሴ ጋራዥ አለኝ። ያኔ ሰው መኪናውን ከፍ የሚያስደርገው ጭቃ ለመሻገር ነበር፤ ዛሬ አስፋልት ላይ ለመታየት ነው። «ታኮ አድርጊበት» የሚለኝ ግን አሁንም አልጠፋም፤ እኔም አላደርግም። ጋራዡን ከመክፈቴ በፊት በመጀመሪያ ሊሾ አስደረግኩ። አባዬ ከዘራውን ተደግፎ መጣ፣ ከኪሱ ብይ አወጣና ጎንበስ ብሎ መሃሉ ላይ አስቀመጣት። አልተንከባለለችም።

ቀና ብሎ ወደ በሩ አየና «እንግዲህ የዘመሙት ይምጡ» አለ።