የእማማ ዓለሚቱ የባሕር ልምምድ

መኪና ውስጥ የሚያስመልስ ሰው አልወድም። ይህን ስላልኩ ጨካኝ አትበሉኝ፤ ዕድሜዬን ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ስነዳ የፈጀሁ ሰው ነኝና የምናገረውን አውቃለሁ። የሐረጎ ቁልቁለት ጠመዝማዛ ሲጀምር ከኋላ አንዱ «ፌስታል!» ብሎ ሲጮህ ገና ሳላየው ደሜ ይፈላል። መኪናው ከዚያ በኋላ በሳሙና ቢታጠብ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ቢውል፣ ሽታው አይለቅም። ስለዚህ እማማ ዓለሚቱ የመጀመሪያ ቀን ገቢና ከጎኔ ተቀምጠው፣ ገና ከከተማው ሳንወጣ አፋቸውን በሻሽ ሲይዙ፣ ከአፌ የወጣው ጥሩ ቃል አልነበረም።

«እማማ፣ መኪና ካልቻሉ ምን አስነሳዎት? ኮምቦልቻ ምን የሚያስቸኩል ጉዳይ አለዎት?»

«ምንም ጉዳይ የለኝም ልጄ» አሉኝ ፌስታሉን እየቋጠሩ። «ለመልመድ ነው።»

ኮምቦልቻ ደረስን፤ ሰው ሁሉ ወረደ፤ እሳቸው አልወረዱም። በዚያ ሙቀት የደሴ ወፍራም ሹራባቸውን እንደለበሱ፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ መኪናው እስኪሞላ ጠበቁና ከኔው ጋር ተመለሱ። ስንመለስም አስመለሳቸው። በማግስቱ ማልደው መጡ። ከዚያም በማግስቱ። ተራ አስከባሪያችን ዘይኑልአቢዲን «ሀፊዝ፣ ሴትዮዋ ነካ ያደርጋቸዋል መሰለኝ፤ አትጫናቸው» አለኝ። እኔ ደግሞ አታድርግ ያሉኝን ካላደረግሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ገቢናውን ከፍቼ «ይግቡ» አልኳቸው።

ነገሩን የነገሩኝ ያን ቀን ነው።

አንድ ልጅ አላቸው፤ እንድርያስ ይባላል። ዱባይ ሄዶ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥብ ኖሮ፣ ኋላ አንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ በዚያው በአጠባ ሥራ ተቀጠረ። እጮኛውም አቢጌል የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እዚያው መርከብ ወጥ ቤት ትሠራለች። መርከቡ ሰው ለሽርሽር ብቻ የሚሳፈርበት ነው አሉኝ። ባሕር ለባሕር ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት ይመለሳል። «ያማ የኔ ሥራ ነው» ብዬ ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። የሳቁት ግን መንገዱ ገና ቀጥ ያለ ስለነበር ነው። ታዲያ አሠሪዎቹ ቆየት ላለ ሠራተኛ አንድ ጊዜ አንድ ወላጅ እንዲጋብዝ ይፈቅዳሉ። እንድርያስ ይህን ሲሰማ ደውሎ «እማዬ፣ ፓስፖርት አውጪ። ግን ወሩ ክረምታቸው ነው፣ ባሕሩ ክፉ ነው። አንቺን መኪና እንኳን አይስማማሽም። እስቲ አስቢበት» አላቸው።

ልጃቸውን ካዩ ሰባት ዓመት አልፏል። ፓስፖርቱን በሳምንቱ አወጡ። እመጣለሁ የሚለውን ቃል ግን አልሰጡትም።

«ለምን?» ብላቸው፣ «ሲመረቅ እመጣለሁ ብዬው ነበራ» አሉ። ምርቃቱ መቀሌ ነው። በአዲስ ልብስ ተነሥተው ሐይቅ ከተማ ሳይደርሱ ነፍሳቸው ልትወጣ ሆነ፤ አውቶብሱን አስቁመው ወረዱና በእግራቸው ወደ ደሴ ተመለሱ። ልጁ ከጓደኞቹ ወላጆች ጋር ቆሞ ፎቶ ተነሣ። «ሁለተኛ መጣሁ ብዬ አልቀርበትም። መጀመሪያ ልቻል፤ ስችል ያን ጊዜ እነግረዋለሁ።»

ባሕሩን ሐረጎ ላይ መለማመድ ይቻላል ያላቸው ጋሽ ሸረፈዲን ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አለው። ሸረፈዲን በደጉ ጊዜ አሰብ ወደብ ጭነት ያወርድ ነበር፤ በኤርትራው ጦርነት ነው ተፈናቅሎ የመጣው። ስለ ባሕር ከጠየቁት ሱቁን ይረሳል። እውነቱን ለመናገር ከቆመ መርከብ በቀር ተሳፍሮ አያውቅም፤ ይህን ግን ለእማማ ዓለሚቱ አልነገራቸውም፣ እኔም አልነገርኩም።

«እህቴ ዓለሚቱ፣ ወላሂ ባሕር ማለት ሐረጎ ነው» አላቸው። «ልዩነቱ መንገዱ ራሱ መነቃነቁ ነው። ባዶ ሆድሽን አትሳፈሪ፤ ደረቅ ዳቦ ቅመሽ። ዝንጅብል ከጉንጭሽ አይለይ። ዓይንሽን ከቅርብ ነገር አንሺና የራቀውን እዪ። አብሽሪ፣ ሆድ የለመደውን ነው የሚቀበለው።»

እሳቸውም እንደ ተባሉት አደረጉ። ዝንጅብል በጉንጫቸው፣ ዓይናቸው ከታች የቦርከና ሜዳ ላይ። አንድ ቀን ስንወርድ አስመለሳቸው፣ ስንወጣ ግን አላስመለሳቸውም። ሌላ ቀን ደርሶ መልሱን በሰላም ጨረሱና «ሃሌ ሉያ!» ብለው ሲጮሁ ደንግጬ ልንገለበጥ ነበር። ተቆጣሁ። ግን ደስ ብሎኛል፤ ምኑ እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ገቢናውን ተውት። «መርከብ ላይ ማን ገቢና ይሰጠኛል?» ብለው መሐል ገቡ። መሐሉን ሲለምዱት የኋላውን ወንበር ያዙ፤ ጎማው ላይ ያለውን፣ ጎረምሳ እንኳን የሚሸሸውን። መስኮት ልክፈት ስል «ተወው፣ መርከብም ናፍጣ ይሸታል» ይሉኛል። አንዳንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው ጠመዝማዛው መሐል ያነባሉ። ተሳፋሪው ሁሉ አወቃቸው። «እማማ፣ ዛሬስ ባሕሩ እንዴት ነው?» ይላቸዋል። «ጸጥ ብሏል፣ ጌታ ይመስገን» ይላሉ።

ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባኝ። ሴትዮዋ ባሕሩን ብቻ አልነበረም የሚለማመዱት፤ ሰው መሐል መዋልንም ነው። ባላቸው ማረው ልጁ በእግሩ ሳይሄድ ነው የሞተው። በደርግ ጊዜ ጴንጤ ሆነች ተብለው ዘመድ ፊቱን አዞረባቸው፤ በዚያው ቀረ። የተማሪ ሹራብ በሹራብ መሥሪያ መኪና እየሠሩ ልጅ አሳደጉ፤ ኋላ ከውጭ የሚመጣው ሹራብ ገበያውን ሲወስደው የሹራብ መኪናዋ ጨርቅ ለብሳ ተቀመጠች። «እሁድ እሁድ ቸርች ሰው አለኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን ከግድግዳ ጋር ነኝ። አንዳንዴ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ጮክ ብዬ እጸልያለሁ።» እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረኝ ሥራ አበዛለሁ። ፍሬን አያለሁ፣ መስታወት አያለሁ።

የመጨረሻው ፈተና ሞተር ላይ መቀመጥ ነበር። ከኔ ወንበር ጀርባ፣ ፊትን ወደ ተሳፋሪው፣ ጀርባን ወደ መንገዱ አድርገው የሚቀመጡባት ቦታ ናት። እዚያ ተቀምጦ ሐረጎን የወረደ ሰው ምንም አይበግረውም። «ዛሬ ይህን ካለፍኩ ማታ ለእንድርያስ እደውላለሁ» አሉኝ ሲገቡ። «መጣሁልህ እለዋለሁ።»

ጠመዝማዛውን ጀመርን። አንዱን አለፍን፣ ሁለተኛውን አለፍን። በመስታወት የማየው ማጅራታቸውንና ሻሻቸውን ብቻ ነው። ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት ሳቅ እያሉ ያበረታቷቸዋል። «አለሁ! አለሁ!» ይላሉ። ይሄኔ ስልካቸው ጮኸ።

ጆሯቸው ደከም ስላለ ስልኩን ድምፁን ለቀው ነው የሚያወሩት። ሁላችንም ሰማን።

«እማዬ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል የኔ ጌታ! እኔው ልደውልልህ ነበር እኮ! የምነግርህ ነገር አለኝ!»

«ቆይ እኔ ልንገርሽ፣ ሳይቋረጥ። ስለ መርከቡ ነገር ሳስብበት ሰነበትኩ። አንቺም ዝም አልሽ፣ እኔም ፈራሁ። ሰሞኑን ማዕበሉ ሌላ ነው፤ እኛ የለመድነው እንኳን ስንንገዳገድ ነው የምንውለው። አንቺን እዚህ አምጥቼ አላሰቃይሽም። አቢጌል ገና አዲስ ስለሆነች መጋበዝ አይፈቀድላትም፤ በኔ ተራ እናቷን ጋበዝናቸው። ትናንት ተመዘገቡ። እኔ ራሴ ለፋሲካ እመጣልሻለሁ። አልተቀየምሽኝም አይደል?»

እማማ ዓለሚቱ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ቦታ የላቸውም፤ ያ ሁሉ ሰው ፊት ለፊታቸው ነው።

«እማዬ?»

«አለሁ። ደግ አደረግህ ልጄ። እኔማ የት እችለዋለሁ?»

ይህን ጊዜ ከታች የጭነት መኪና ሲመጣ ጥሩንባ ነፋሁ።

«የምን ጩኸት ነው? መኪና ውስጥ ነሽ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! መንገድ ዳር ቆሜ ነው። መኪና እያለፈ ነው።»

እንድርያስ ሳቀ። «መኪና ውስጥማ ብትሆኚ እስካሁን ፌስታል ፌስታል ትዪ ነበር።»

«አዎ» አሉ።

«ሊነግሩኝ የነበረው ምንድን ነው?» አለ እንደ መቀለድ አንቱ እያላቸው።

«እ... ምንም አይደል። ጉንፋኑ ለቀቀኝ ልልህ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ፊት ለፊታቸው የነበረች የሐርቡ ሴት እጇን ዘርግታ ጉልበታቸውን ያዘች፤ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ አልለቀቀችም። እኔ ንዴቴን ማርሹ ላይ ተወጣሁ። ሰው ወርዶ ሲያልቅ ወደ ኋላ ዞርኩና ጮህኩባቸው። በሳቸው ላይ መጮሄ ልክ አልነበረም፣ ግን በማን ልጩህ?

«ምነው አይነግሩትም ነበር? ያ ሁሉ ሲወጡ ሲወርዱ የከረሙት ለምንድን ነው? ስልኩን ይስጡኝ፤ እኔ እነግረዋለሁ!»

«ምን ብለህ?» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ድምፃቸው ግን ረጋ ያለ ነው። «ብነግረው ምን ሊያደርግ ነው? የአቢጌልን እናት ይቅርብዎ ይበላቸው? ይህን ሲያስብ ይኑር? ልጄ አዝኖልኝ ነው ያደረገው። እኔ መኪና የማልችል እናቱ ነኝ፤ እንዲያ ነው የሚያውቀኝ። እንደሚያውቀኝ ልኑርለት። ሆድ ይፍጀው ሀፊዝ። አደራህን።»

«ወላሂ አልናገርም» አልኩ።

ከኔ ጋር ወደ ደሴ ተመለሱ፤ እዚያው ሞተር ላይ፣ ያለ ዝንጅብል። ምንም አልሆኑም። ከዚያ ቀን በኋላ መናኸሪያ አልመጡም። ፒያሳ ሳገኛቸው «እማማ፣ ለጨዋታ እንኳን ብቅ ይበሉ እንጂ፤ ገቢናው የርስዎ ነው» እላቸዋለሁ። «ምን ልሠራ ልጄ?» ይሉኛል። ተሳፋሪው «የባሕሯ ሴትስ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ በኋላ መጠየቁን ተወው።

እንድርያስ ለፋሲካ እመጣለሁ እንዳለ መጣ። አቢጌልንም ይዟት መጣ። ለአንድ ሳምንት ቤቱ ሞላ፤ እማማ ዓለሚቱ በየደጁ እየዞሩ ሙሽራዪቱን ሲያስተዋውቁ አየኋቸው። ሊሄዱ ሲሉ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳደርሳቸው በኮንትራት ያዙኝ። ልጁ አላወቀኝም፤ ከየት ያውቀኛል? መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣቸውን እያሰርኩ ሳለ እማማ ዓለሚቱ ከመኪናው ራቅ ብለው በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው ቆመዋል። አየት አደረጉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ያ ቀላል ዘይኑልአቢዲን ሲያያቸው ደስ ብሎት «እማማ፣ ኧረ የት ጠፉ? ገቢናዎ...» ብሎ ሲጀምር እግሩን ረገጥኩት። አሁን ድረስ ያኮረፈኝ በዚያ ነው።

«እማዬ፣ አንቺ ከዚሁ ተመለሺ» አለ እንድርያስ አቅፎ እየሳማቸው። «እስከ አውሮፕላኑ ብትሸኚን ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ምን ይደረጋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በትሕትና «ወንድሜ፣ እስክትሰናበተን ሞተሩን ታጠፋልኛለህ? የናፍጣው ሽታ ራሱ ያማታል» አለኝ።

አጠፋሁት። እሳቸው «ጌታ ይከተላችሁ፣ ጌታ ይከተላችሁ» እያሉ ሳሟቸው፤ አቢጌልን ደግመው ሳሟት። ተንቀሳቀስን። በመስታወት ሳያቸው ነጠላውን ከአፍንጫቸው ላይ አንሥተው፣ ሁለት እጃቸውን አጣምረው፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ነበር።

ሐረጎ ላይ ጉሙ ተገለጠና ሜዳው ከታች ወለል ብሎ ታየ። እንድርያስ ገቢና ከጎኔ ነው የተቀመጠው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን ወደ ውጭ አወጣ።

«እንዴት ያምራል! እናቴ ይህን አንድ ቀን ባየችው» አለኝ። «ገቢና ብትቀመጥ፣ ቀስ ብለህ ብትነዳላት፣ የምትችለው አይመስልህም?»

ልናገረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ዝም ማለት የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ አህያ መንገድ ላይ ቢቆም እንኳን ሰድቤ ነው የማልፈው። ማርሽ ቀነስኩ፤ ጠመዝማዛውን ያዝኩ።

«አይ፣ አይችሉትም» አልኩት።