ቡታጅራ አልመልስ ያለችበት ሰሞን

ወሬው የደረሰኝ ወልቂጤ፣ ከሕማማት ስግደት ወጥቼ ነጠላዬን ሳስተካክል ነው። የየከተማውን ቅርንጫፍ ኮምፒውተሮች በመስመር አብረን የምናገናኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደወለች።

«የቡታጅራው ቅርንጫፍ ሰርቨር አይመልስም። መስመሩን ቆርጣለች ብለው እየፈለጉሽ ነው።»

ከተማው የተረበሸበት ጊዜ ነበር፤ ሰው ለምን ተፈለገ አይባልም። ቤቴ ሳልደርስ የጸጥታ ሰዎች ያዙኝ።

ያስገቡኝ ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ ግድግዳው ላይ የቀረው የበርበሬ ብናኝ ያስነጥሳል። አንዲት የጉንችሬ ቆጮ ነጋዴ ቀድመውኝ ታስረዋል።

«በዚች ጣትሽ ነው አገር የቆረጥሽው?» ብለው ሳቁብኝ። ከደረቅ ቆጯቸው ግን አካፈሉኝ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ወደ ቢሮዬ ወሰደኝ። ሦስት ባልደረቦቼ ከኋላዬ ቆሙ። የቡታጅራውን ሰርቨር በአድራሻ ቁጥሩ ስጠራው ይመልሳል፤ በስሙ ስጠራው ዝም። መስመሩ አልተቆረጠም ማለት ነው። የወልቂጤው ሰርቨር ውስጥ ስምና አድራሻ የተያዘበትን ፋይል ስከፍት ጉዱ የራሴው ሆነ። ከወራት በፊት ስምን ከአድራሻ የሚያገናኘው ሥርዓት ሲያስቸግረን፣ ለጊዜው ብዬ በእጄ ያስገባሁት አድራሻ እዚያው ቀርቷል። ቡታጅራ በቅርቡ አድራሻ ቀይራለች፤ ወልቂጤ የድሮውን ቤት ስታንኳኳ ሰንብታለች። ያንን በእጄ የጻፍኩትን አድራሻ አጠፋሁት። ቡታጅራ መለሰች።

«አያችሁ?» አለ መርማሪው። «ስንት ሰው ያጣውን በአምስት ደቂቃ! የቆረጠው ያውቀዋላ!»

ባልደረቦቼ መሬት መሬት አዩ።

«ሆን ብዬ አቋርጫለሁ» የሚል ቃል ተጽፎ ተሰጠኝ። ከፈረምኩ ለፋሲካ ቡታጅራ፣ ወላጆቼ ቤት እንደምገባ መርማሪው ነገረኝ።

«እማማ፣ ውሸት ነው እኮ» አልኳቸው ለነጋዴዋ።

«ለእግዜሩ እውነቱን ትነግሪዋለሽ። ለእነሱ ፈርሚና እናትሽ ጋ ሂጂ።»

ጓሯችን እንሰት ላይ ዝናብ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። በጣም ፈለግኩት።

በስቅለት ጠዋት «ሆን ብዬ» የሚለውን ሰርዤ «ረስቼ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። መርማሪው አነበበና በሩን ዘጋብኝ። ፋሲካን እዚያው ዋልኩ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ።

አሁን የምሠራው ጅግጅጋ ነው። አባቴ ዕድር ላይ «የመስመር ቆራጯ አባት» መባሉን ሰምቻለሁ። ጠይቆኝ አያውቅም። እናቴም በስልክ ነይ ማለት ትታለች።

ከኋላዬ ቆማችሁ ስክሪኑን ያያችሁ ሦስታችሁ፣ ፈርታችሁ ነበር፤ አልተቀየምኳችሁም። አንዳችሁ ግን አባቴ ቤት ሂዱና በዓይናችሁ ያያችሁትን ንገሩልኝ። ጥፋቴን አትቀንሱልኝ፣ አትጨምሩብኝ።