የወሎ መንገድ በአሶሳ ሰማይ

የተፈለጠ እርጥብ ቀርከሃ ከሸተተኝ ልጅ እሆናለሁ፤ ጉልበቴም ማመሙን ይረሳል። ባለፈው ጥቅምት አንድ ማለዳ ያ ሽታ እዚህ አሶሳ፣ ከግቢያችን ተነሣ። ብወጣ ተከራያችን፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣው የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ለኮከብ ማያው መቆሚያ ሊሠራ ቀርከሃ ይፈልጣል። ቴሌስኮፕ ይለዋል፤ እንደ ውሃ በርሜል የወፈረ፣ ከኔ ቁመት የሚበልጥ ቱቦ ነው፣ ከሆዱ መስተዋት ተኝቶበታል። ጎረቤቴ ሐዋ፣ የዚሁ አገር ሰው፣ ከመንጌ የመጣች በርታ ናት፣ በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ፣ «ኡስታዝ፣ እኛ ወርቅ መሬት ላይ እንፈልጋል፣ አንተ ሰማይ ላይ ትፈልጋል?» አለችው፤ እሱም ካገኘ እንደሚያካፍላት ማለላት።

እኔን ግን ቀርከሃው ይዞኝ ሄዶ ነበር። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ በመኪና ጭነው ሲያመጡን ያራገፉን በአሶሳ ዙሪያ፣ ስም በሌላት፣ በቁጥር በምትጠራ አምባ ነው፤ ቤታችን ከጣራው እስከ ግድግዳው ቀርከሃ ነበር፣ ምስጥ ሲበላው ልክ እንደ ሰው ሲያኝክ ይሰማል፣ እናቴም «እሱስ እራቱን አገኘ» ብላ እኛን ባዶ ሆዳችንን ታስቀን ነበር። ሙቀቱና ወባው አገር ያስጠላ ነበር፤ ሰማዩ ግን ከቤታችንም ከእርሻችንም ይሻል ነበር። ኩራዝ እንኳ በሌለበት አገር ፀሐይ ጥልቅ ስትል ኮከቡ እንደ ተበተነ ማሽላ ይፈስሳል፣ በመሃሉም ወተት የተደፋበት የሚመስል ሰፊ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል። ነጩ መንገድ እንለው ነበር።

ታላቅ እህቴ ዘምዘም በተጫንን ዕለት ገበያ ወርዳ ስለነበር እዚያው ወሎ ቀርታለች። አባቴ ዝናቡ እንዳባራ፣ በጥቅምት፣ ሄዶ ሊያመጣት ቆረጠ። ከአምባው የወጣ ስለሚያዝ፣ ቀን ጫካ ተደብቆ ሌሊት ሌሊት ነው የሚጓዘው። እናቴ በምሽቱ ደጅ ቆማ መንገዱን በምን እንደሚያውቀው ብትጠይቀው በትሩን ወደ ላይ አነሣ፤ «የነጩን መንገድ ራስ ተከትዬ ነዋ፤ ራሱ ወሎ ላይ ነው ያረፈው» አላት። እውነትም የመንገዱ ጫፍ የሚወርደው መኪናው ባመጣን በኩል፣ በሰሜንና በምሥራቅ መሃል ነበር። ክረምት ሳይገባ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

ክረምቱ ገባ፣ ሌላውም ገባ። መንግሥት ተለውጦ መንገድ ሲከፈት ከወሎ የመጣ ነጋዴ ዘምዘም አግብታ ወልዳለች፣ አባቷን ግን በዓይኗ አላየችውም ብሎ ነገረን። እናቴ አላመነችም። «መንገዱ በላዩ ተዘርግቶለት እንዴት ይጠፋል? ሚስት አግብቶ ነው» አለች፤ እንደ ሞተ ቆጥራ ሰደቃም ሳታወጣለት ቀረች። ከዚያ ወዲያ ያቺ ያላየናት ሚስት ቤታችን ገባች። እናቴ ቂጣ ባረረባት ቁጥር «ለሱም ታሳርርበት» ትላለች፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ቀጭን ናት፣ የለም ወፍራም ናት እያልን እንከራከር ነበር፤ የአባታችን መልክ ሲጠፋብን የሷ መልክ እየጎላ መጣ። እናቴ ስትሞትም ስሙን አልጠራችም።

መምህሩ መቆሚያውን እንደ ጨረሰ፣ አመሻሽ ላይ፣ መግሪብ እንደ ሰገድኩ ጠራኝ። ባንድ ዓይኔ አጮልቄ ባይ ቀለበት ያጠለቀች፣ ምስር የምታክል ኮከብ ስትንቀጠቀጥ አየሁ። ደስ ትላለች። «ይሁን፣ ልጄ፣ አሁን ደግሞ ነጩን መንገድ አሳየኝ» አልኩት።

ፈገግ አለና ቀና እንድል አደረገኝ። ከላያችን ያለው ሰማይ የዕቃ እጣቢ ይመስላል። የአስፋልቱ መብራት፣ የሆቴሉ መብራት፣ የሱቁ ሁሉ አምፖል ወደ ላይ ተረጭቶ አደፍርሶታል። «እማማ፣ እሱን መብራቱ በላው። ለሱ ቴሌስኮፕ አይደለም፣ ጨለማ ነው የሚያስፈልገው» አለኝ።

«ባይታይም አውቀዋለሁ፤ ራሱ በዚያ፣ በወሎ በኩል ነው» ብዬ በእጄ አሳየሁት።

«አሁን፣ በምሽቱ፣ ልክ ነዎት። ግን ሌሊቱን ሲዞር ነው የሚያድረው፤ እኩለ ሌሊት ራሱ ሰሜን ይሆናል፣ ሊነጋ ሲል ወደ ሱዳን ይዞራል» አለና ክንዱን በጣራችን ላይ ቀስ አድርጎ አዞረው።

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ መስሎት ወንበር ሊያመጣልኝ ሮጠ።

አባቴ እንደኔው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። ለእናቴ ያላትን ነው ያደረገው፤ ከነጩ መንገድ ራስ ላይ ዓይኑን አልነቀለም፣ ራሱም እየዞረ እየጎተተ፣ ሳይታወቀው፣ ወሎም እኛም ወደሌለንበት፣ ወደ ሱዳን በረሃ ወሰደው። የበረሃው ውሃ ጥም ይሁን አውሬ፣ የቱ ጋ እንደ ጣለው የሚያውቅ የለም። መምህሩ ወንበሩን ይዞ ሲመለስ፣ ከከተማ ወጣ ካልን ይታያልና ቅዳሜ ልውሰድዎት አለኝ። ተወው አልኩት። ባየውስ ምን ያደርግልኛል። ሰደቃ ላውጣ ብል እሱን የሚያውቁ አልቀዋል፤ የኔ ልጆች ስሙን እንኳ ከኔ ካልሰሙ አያውቁትም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከሌለች ሴት ጋር ስትጣላ ኖረች፤ እሱ እኮ አልከዳሽም ነበር ብዬ አሁን ማንን ላሳርፍ።