ካሜራ የያዘ እጅ
ጅማ ጊንጆ ሰፈር ሆኜ ሰርግ መቅረጽ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት በአብዛኛው የቀረጽኩት መሬት ነው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ እንዳይመስላችሁ። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ጉልበቴን ለዘብ አድርጌ፣ ትንፋሼን ውጬ መራመድ ድሮ ተምሬያለሁ። ችግሩ የጅማ ሽማግሌዎች ናቸው። ካሜራ ያዝክ አልያዝክ፣ ሲመጡም ሲሄዱም ሰላም ሳይሉህ አያልፉም። ቀኝ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ካሜራውን ወደ ግራ አዛውሬ እጃቸውን እስማለሁ፤ እነሱም የእኔን ይስማሉ፤ "ፈያዳ? ቤተሰብ ፈያዳ?" እያልን ደኅንነት እንጠያየቃለን። በዚህ መሃል ቪዲዮው ላይ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። ሙሽሮቹ ሲወጡ ጫማ፣ ኬክ ሲቆረስ ጫማ። አንዴ ትራይፖድ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ኮት ሰቀሉበት።

ታናሽ እህቴ ወደ አሰንዳቦ ስትዳር ታዲያ ቀድማ አስጠነቀቀችኝ።

"ሌላው ይቅር። አባ ዱአ የሚያደርጉልኝን ብቻ ሳታንቀጠቅጥ ቅረጽልኝ። ሲናፍቁኝ የማየው እሱን ነው።"

ወላሂ ብዬ ማልኩላት።

አባቴ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ዱአውን ጀመሩ። ሁለት ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ እንዳላየ ሆንኩ። ዱአው አልቆ እህቴን ወደ መኪናው ሲወስዷት አባቴ ዞር አሉና ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እጃቸውን ዘረጉልኝ። እህቴ ከትከሻቸው በስተጀርባ መኪና ውስጥ እየገባች ነበር። ካሜራውን አላንቀሳቀስኩም።

በሳምንቱ ቤት ተሰብስበን ቪዲዮውን አየን። አንድም ቦታ አይንቀጠቀጥም። አክስቴ "ማሻአላህ፣ አሁን ሙያ ገባህ" አለችኝ። ከዚያ የአባቴ እጅ መጣ። በስክሪኑ ታች በኩል ገብቶ ቆመ። ጠበቀ። ጣቶቹ ትንሽ ታጠፉና እጁ ተመለሰ። ስቀርጸው እንዲህ ረጅም ጊዜ የቆየ አልመሰለኝም ነበር።

 አባቴ "ጥሩ ነው፤ አልተነቃነቀም" አሉ።

በጣም አፈርኩ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ሄድኩና ቀኝ እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። እሳቸውም እንደ ደንቡ የእኔን ስመው ቀና ብለው አዩኝ።

"ምነው፣ ልትሄድ ነው እንዴ?" አሉኝ።