የተሰነጠቀው ቮላኖ

ባለፈው ሳምንት ሐረር ውስጥ ዳገት የሚታገል አንድ አሮጌ ሚኒባስ አጠገቤ ሲያልፍ፣ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የምገዛውን ረስቼ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። የተቃጠለ ጸጉር የሚመስል፣ ልብስ ላይ ተጣብቆ የሚያድር ሽታ ነው። ጅግጅጋ ሳለን አባቴ ይህን ሽታ ሲሸተው ወሬውን አቋርጦ ከሰው መሃል ይነሳ ነበር።

አባቴ ታደሰ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ይሠራ ነበር። ግቢውን የምትጋራን ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ውስጥ ድሪያ የሚባለውን የሶማሌ ቀሚስ የምትሸጥ ሆዳን የምትባል ሴት ነበረች፤ እኛ ልጆቹ በሶማልኛው አክስት ለማለት ኤዶ እንላት ነበር። እናቴ ሥራ ስትውል የምታበላን እሷ ናት፤ ትምህርት ቤት ተጣልቼ ስመጣ መጀመሪያ የምነግረውም ለእሷ ነበር። አባቴን ዋላል ትለዋለች፣ ወንድሜ ማለቷ ነው።

አንድ ዓመት በጋ፣ አቧራው ሰማዩን ቡናማ ባደረገበት ሰሞን፣ የፒክአፓችን ፍሪሲዮን አለቀ። አባቴ ጋራዥ መውሰዱን ንቆ፣ በስልኩ ቪዲዮ እያየ ግቢ ውስጥ ራሱ ሊቀይረው ተነሳና ለጎረቤቱ ሁሉ ቅዳሜ መኪናዋን እንደሚያስነሳ አወጀ። ካምቢዮውን አውርዶ፣ ሸራው የሚጣበቅበትን ክብና ከባድ ብረት፣ ቮላኖውን፣ ፈትቶ ጆንያ ላይ ሲያስቀምጠው ሁላችንም ከበብነው። የብረቱ ፊት ላይ እሳት የበላው ሰማያዊ ምልክት ነበረበት፣ ከምልክቱ መሃልም እንደ ጸጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ወጥተው ነበር። አባቴ ጥፍሩን በላዩ ሲያስኬድ ጥፍሩ ስንጥቁ ላይ ያዝ እያደረገ ይቆም ነበር። እናቴ ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ወስዶ ቢያሳየው እንደሚሻል ነገረችው። እሱ ግን ቶርኖ ቤቱ ወረፋ እንዳለውና ስንጥቁን አይተው ሌላ ፈልግ እንደሚሉት ያውቅ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ ደርሷል።

«ያስኬዳል» አለ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ፈግፍጎት አዲሱን ሸራ ገጠመበት። መኪናዋ ስትነሳ አጨበጨብን፣ ኤዶ ሆዳንም ደስ ብሏት ሐልዋ አከፋፈለችን።

የሚያዝያ ዝናብ ሲጀምር መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ መንቀጥቀጥ አመጣች። አባቴ እርጥበቱ ነው ይል ነበር፤ እናቴ አንዴ አየት አድርጋው ፊቷን ወደ መስኮቱ ስትመልስ ትዝ ይለኛል።

ክረምት ገብቶ ነፋሱ ቆርቆሮ በሚያንኳኳበት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሸደር በምትባል መንደር የምትኖረው የኤዶ ሆዳን እናት በጠና እንደታመመች ስልክ ተደወለ። ኤዶ ሆዳን ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወጣች። ወደዚያ የሚሄድ ሚኒባስ መንገዱ ዳር ቆሞ ረዳቱ አንድ ሰው ብቻ እንደቀረው እየጮኸ ነበር። ልትገባ ስትል አባቴ ክንዷን ይዞ፣ በዚህ ድንጋጤ ላይ ተጨናንቃ እንዳትሄድ፣ እሱ ቶሎ እንደሚያደርሳት ነገራት። ሚኒባሱ ሄደ። እናቴ እርጉዝ ስለነበረች በእሷ ፋንታ ኤዶ ሆዳንን እንዳጅብ እኔ ተላኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ ረጅም ባልሆነ ዳገት፣ ሞተሩ ሲጮህ መኪናዋ ግን አልራመድ አለች። የተቃጠለ ሸራ ጭስ ከእግራችን ሥር ተነሳ። አባቴ ወርዶ መኪናዋ ሥር ገባ፣ የሚታይ ነገር ባይኖርም ከዚያ አልወጣ አለ። ኤዶ ሆዳን ዱዓ እያደረገች ተቀመጠች። ከዚያ ስልኳ ጠራ፣ አዳመጠች፣ «ኢና ሊላሂ» ብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ማልቀስ ስጀምር እጄን ያዘችኝ።

«አሁን አትንገሪው» አለችኝ። «መጀመሪያ ከመኪናው ሥር ይውጣ።»

ሊመሽ ሲል አንድ የውኃ ቦቴ አሳፍሮን ሸደር ስንደርስ ቀብሩ አልቆ ሰዎቹ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ሴቶቹ ኤዶ ሆዳንን ደግፈው ወደ ውስጥ አስገቧት። አባቴ አጥሩ ጋ ለብቻው ቆመ፣ ሻይ ሲሰጡት መቀበል አቃተው።

ከሐዘኑ ተመልሳ ከመጣች በኋላ አባቴ ከእሷ ጋር ላለመገናኘት ማልዶ ይወጣ፣ አምሽቶ ይገባ ጀመር። ቮላኖውን ለውጦ መኪናዋን ጋራዥ ካሠራትም በኋላ አልነዳት አለ። በመስከረም አንድ ማለዳ ግን እኔና እናቴ ባለንበት የኤዶ ሆዳን በር ላይ ሄዶ ቆመ።

«ሆዳን፣ ስንጥቁን አይቼው ነበር። እያወቅኩ ነው የገጠምኩት» አላት።

ኤዶ ሆዳን እያጣጠፈች የነበረውን ድሪያ አስቀመጠች።

«የአላህ ውሳኔ ነው፣ ዋላል። ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። «ግን ሚኒባሱ ውስጥ ቦታ ነበር።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ባትለው ኖሮ ይቅርታዋን ያምን ነበር ብዬ አላስብም።

በማግሥቱ የድሪያ እሽጎቿን ተሸክማ ወደ ፒክአፗ ሄደች፣ በሩን ከፍታ ገቢና ተቀመጠችና ገበያ እንዲያደርሳት አባቴን ጠራችው። እሱ ቁልፉን ይዞ መጥቶ አስነሳት። ከዚያ ወዲያ እኛ ወደ ደብረ ብርሃን እስክንመለስ ድረስ በየማለዳው እንዲህ ስትሄድ አያት ነበር፤ እሽጉ ስለከበዳት ይመስለኝ ነበር። ዘንድሮ ከሐረር ተነስቼ ጅግጅጋ ልጠይቃት ሄጄ፣ ያንኑ እሽግ ተካፍለን ተሸክመን በእግራችን ወጣን። የጀመርነውን ወሬ ሳንጨርስ ገበያው ደረስን፤ ለካ ያኔ መኪና ትጠይቅ የነበረው ለራሷ አልነበረም።